ቪትዝ ራሊ የምትሆነው ስንት ላስቲክ ሲገባላት ነው?

ሰሞኑን ጋራዥ ውስጥ ተራዬን ስጠብቅ፣ አንዲት ቪትዝ በክሪክ ተነስታ መካኒኩ በፊት ሞላዋ ቀለበቶች መሃል ወፍራም ላስቲክ በመዶሻ ሲወትፍ አየሁ። ባለቤቷ አጠገቡ ቆሞ «ጋሼ፣ እንግዲህ ራሊ ሆነች!» አለኝ። መንገዳችንን ለሚያውቅ ሰው መኪናን ከፍ ማስደረግ አያስነውርም። ራሊ መባሏ ግን ከነከነኝ። እዚያ ሞላ ውስጥ የቆመው ዘንግ ከራሊ ጋር አንዳች ዝምድና እንዳለው ድሮ ያነበብኩ መሰለኝና ማገላበጥ ጀመርኩ።

የፊት እግሯ አሠራር በፈልሳፊው ስም ማክፈርሰን ይባላል። ኧርል ማክፈርሰን በጄኔራል ሞተርስ ቤት ሼቭሮሌ ካዴት የተባለች፣ ከ1,000 ዶላር በታች እንድትሸጥ የታሰበች ትንሽ መኪና ይነድፍ የነበረ መሐንዲስ ነው። ሞላውንና ሾክ አብዞርበሩን በአንድ ላይ አቆመና ጎማው በዚያው ዙሪያ እንዲዞር አደረገ፤ ከታች አንድ ክንድ ከያዘው ይበቃዋል። በ1947 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ኩባንያው ካዴትን ሰረዛት። ማክፈርሰንም ተናዶ ይሁን ሰልችቶት ወደ ፎርድ ሄደ። ሐሳቡ በ1950 ይፋ በሆኑት የእንግሊዝ ፎርዶች፣ ኮንሰልና ዜፊር ላይ ዋለ። የፊያቱ ጊዶ ፎርናካ በ1920ዎቹ ተመሳሳይ ነገር አስመዝግቦ ነበር የሚሉም አሉ። ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን ባለቤቱ ነገሩን በየሰፈሩ ጎማ ሥር ያስገባው ሰው ነው።

ዝምድናው ዜፊር ላይ ተገኘ። በ1953 የሞንቴ ካርሎን ራሊ ያሸነፈችው እሷ ናት፤ ነጂዋ ሆላንዳዊው ሞሪስ ጋትሶኒደስ። እዚህ ላይ መጽሐፉን መክደን ይቻል ነበር። ግን ሰውየው ሌላ ምን እንደሠራ ሳነብ ደሜ ፈላ። ኩርባ ላይ የራሱን ፍጥነት ለመለካት ብሎ የፈለሰፈው መሣሪያ ነው ኋላ ሾፌር ማስቀጫ የሆነው! በ1958 ጋትሶሜትር የተባለ ኩባንያ አቋቋመ። መጀመሪያ ላይ ሁለት የላስቲክ ቱቦዎች መንገድ ላይ ይዘረጉ ነበር፤ ጎማ አንዱን ሲረግጥ ሰዓቱ ይነሳል፣ ሁለተኛውን ሲረግጥ ይቆማል። ራዳሩ ኋላ መጣ። እኔ በራዳር የተያዝኩት ረጅም ቁልቁለት ላይ ነው። መኪናዋ የምትወርደው በራሷ ጊዜ ነበር፤ ቁልቁለቱን ግን ማንም አልቀጣውም። ጋትሶኒደስ እንደልቡ ጋልቦ ዋንጫውን ከወሰደ በኋላ፣ ራሱ ጠግቦ ገበታውን አነሳብን።

ወደ ላስቲኩ ልመለስ። ላስቲክ የገባባቸው ቀለበቶች አይታመቁም፤ የቀሩት ብቻ ስለሚሠሩ ሞላው ይደርቃል። የሾክ አብዞርበሩ ቁመት ደግሞ ያው የድሮው ነው። መኪናዋ ከፍ ስትል ዘንጉ ቀድሞውኑ ተመዞ ያልቃልና ጎማው ጉድጓድ ሲገባ የሚወርድበት የለውም፤ ቋ ይላል። በጠጠር መንገድ ራሊ የሚወዳደር ጀማሪ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ረጅም ሾክ አብዞርበር፣ እሱን የሚመጥን ለስለስ ያለ ሞላ። ዝቅና ደረቅ ማለት ለአስፋልት ነው። «የራሊ መኪና ደረቅ ናት» የሚለው ወሬ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

መካኒኩ ከሌላ መኪና የወለቀ አሮጌ ዘንግ አሳይቶኝ ነበር። የሚያብለጨልጨው ብረት በአንድ ጎኑ ብቻ ተፍቆ፣ ከአንገቱ ዘይት አልቅሷል። የማክፈርሰን ድካሙ ይኸው ነው፤ ዘንጉ መኪናውን ከመሸከም አልፎ የጎማውን የጎን ግፊትም ይችላል። ለዚህም ነው ብዙ የራሊ ሰዎች ቀጭኑ ዘንግ ከታች፣ ወፍራሙ ገላ ከላይ የሆነበትን የተገለበጠ ሾክ አብዞርበር የሚመርጡት። ወፍራሙ በቀላሉ አይጎብጥም።

አሠራሩን ግን የሚንቅ የለም። ሳፋሪ ራሊ በ2021 ኬንያ፣ ናይቫሻ ላይ ወደ ዓለም ሻምፒዮናው ሲመለስ ሴባስቲያን ኦዢዬ ያሸነፈው በያሪስ ነው። ያሪስ ማለት በውጭ ስሟ ቪትዝ ናት። የእሱ አራቱም ጎማዎች በማክፈርሰን የቆሙ ነበሩ፤ የሰፈራችን ቪትዝ ግን ማክፈርሰኗ ከፊት ብቻ ነው፣ ከኋላ ሁለቱን ጎማ የሚያያይዝ አግዳሚ ብረት አላት። በእሷ መወዳደር ያማረው ሰው ብሩን መጀመሪያ ሾክ አብዞርበሩ ላይ ያውጣ፣ ቀጥሎ ሞተሩ ሥር በሚታሰረው መከላከያ ብረት ላይ፣ ከዚያ በክንዱ ጎሚኒዎች ላይ። በሩ ላይ የሚለጠፈው ቁጥርና የማርሚታው ጩኸት ይደርሳሉ።