የመንገዱ ሣር ያምራል… ግን ማን ያጭደዋል?

ባለፈው ቅዳሜ አክስቴን ልጠይቅ የእህቴን ልጅ አስከትዬ ወጣሁ፡፡ ከታክሲ የወረድነው እዚሁ አዲስ አበባ፣ አንድ አደባባይ አጠገብ ነው፡፡ የቱ እንደሆነ ልተወውና፣ ድሮ ባዶ አፈር የነበረው የመንገዱ መሐል ዛሬ በሣር ተሞልቷል፡፡ መስክ ላይ የምናውቀው ሣር እንዳይመስላችሁ! ቁመቱ ከወገብ የሚደርስ፣ አናቱ እንደ ጭራ የሚወዛወዝ፣ ነፋስ ሲነካው እስክስታ የሚወርድ የጌጥ ሣር ነው፡፡ እውነቱን ለመናገር ደስ ይላል፡፡

ታዲያ ዜብራው ላይ ስንደርስ ልጅቷ እጄን ለቃ ቀደመችኝ፡፡ ገና ስድስት ዓመቷ ነው፡፡ መሐል ላይ ሣሩ ዋጣት! በወዲያ በኩል የሚበረው ሚኒባስ እሷን አላያትም፤ እሷም አላየችውም፡፡ እንዴት እንደዘለልኩ እንጃ፣ ብቻ በቀሚሷ ጎትቼ አስቀረኋት፡፡ ሹፌሩ ፍሬን ይዞ ‹‹ልጅ አትይዢም እንዴ!›› ብሎ አንባረቀብኝ፡፡ እውነቱን ነው፤ ጥፋቱ የእኔም ነው፡፡ ግን ሣሩስ?

ጉልበቴ እስኪጸና ቆሜ ሣሩን በሌላ ዓይን አየሁት፡፡ ሥሩ ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ታቅፏል፡፡ የታችኛው ቅጠል ደርቆ ገለባ ሆኗል፡፡ አንዱ ያልጠፋ ሲጋራ ቢወረውርበትስ?

አክስቴ ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ አማተበች፡፡ ቀጥላ ምን አለች መሰላችሁ? ‹‹ልጄ፣ የኛ ሣር ሥራ ነበረው፡፡ ስንደዶው ለሰፌድ፣ ሰንበሌጡ ለቤት ክዳን፣ ቄጤማው ለቡና ጉዝጓዝ፡፡ ሳይጋርድ ይታጨዳል፡፡ የእናንተን ማን ያጭደዋል?››

ይህ ፈረንጆቹ ‹‹ፋውንቴን ግራስ›› የሚሉት ሣር የስንደዶ የቅርብ ዘመድ ነው፤ የትውልድ አገሩም ይኸው የኛው አካባቢና ሰሜን አፍሪካ ነው፡፡ ለጌጥ ብለው ሃዋይ ቢወስዱት ከግቢ አምልጦ ሜዳውን ወረሰ፤ በበጋ ደርቆም የሰደድ እሳት ማገዶ ሆነ፡፡ የአውሮፓ ኅብረትማ እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳይሸጥና እንዳይተከል ከከለከላቸው ተክሎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው፡፡ እኛ ጋ ባዕድ ስላልሆነ ያን ያህል አያሰጋ ይሆናል፡፡ የኛ ጣጣ ሌላ ነው፤ ተክሎ መርሳት!

ሣር ይነቀል አልልም፡፡ ግን ዜብራና መታጠፊያ አጠገብ ከጉልበት በታች የሚቀር ተክል ይበቃል፡፡ ረዥሙ ከመንገድ ራቅ ብሎ ይተከል፤ ሲደርቅም በጊዜው ይታጨድ፡፡ የሚተክል ሰው ደግሞ ከመኪና መስኮት ብቻ ሳይሆን በርከክ ብሎ በስድስት ዓመት ልጅ ቁመት ይየው፡፡

እናንተም ወላጆች፣ እንዲህ ያለ ቦታ ስትሻገሩ የልጃችሁን እጅ ጠበቅ፣ መሐል ላይም ቆም በሉ፡፡ እኔ ተምሬያለሁ፤ እግዜር ይመስገን በነጻ ነው የተማርኩት፡፡

ቸር ይግጠመን!