የአጥራችን ቀጋ

እናታችን፣ አላህ ይዘንላትና፣ ደሴ አጠገብ ባለው ግቢያችን አጥሩን ይዞ የበቀለውን ቀጋ እንዳንቆርጠው አደራ ብላን ነበር። ምክንያቷም አጭር ነበር፤ «የእረኛ ሐቅ አለበት» ትለን ነበር።

ከተማ ላደጋችሁ ወጣቶች እንንገራችሁ፤ ቀጋ በደጋና በወይና ደጋ፣ ከ1900 እስከ 3300 ሜትር ከፍታ ባለው ምድር የሚበቅል የዱር ጽጌረዳ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሊንድሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ስለ ጽጌረዳዎች ባሳተመው መጽሐፍ የሐበሻ ጽጌረዳ በሚል ስም አስፍሮታል። ባሕር ተሻግሮ በየመን ተራሮችም ይገኛል። አበባው ነጭ፣ ሽታው የሚያውድ፣ እሾሁ ደግሞ ልብስ የማይለቅ ነው። ፍሬው ሲበስል ይቀላል። የሚበላው የላይኛው ሥጋው ብቻ ነው፤ ውስጡ ፀጉራም ዘር ስለሆነ ያልለመደ ሰው ጉሮሮውን ሲያሳክከው ይውላል። እኛ ዙሪያውን በጥርሳችን ግጠን ዘሩን እንጥለው ነበር። (አንዳንዴም በታናሽ ወንድማችን አንገት ሥር እንጨምረው ነበር፤ ዐፉ ይበለን።)

ባለፈው ዓመት ውርሱን ስንካፈል ግን አጥሩ በቆርቆሮ ይተካ ተባባልን። ቀጋው ቦታ ይበላል፣ ለሌባም መሸሸጊያ ነው አልን። አደራውን ያነሳ አልነበረም፤ ሁላችንም ግን እናስታውሰው ነበር። ቆረጣው ሦስት ቀን ፈጀ፤ እጃችንም ደማ።

በሦስተኛው ቀን ሁለት እረኞች ከብቶቻቸውን ትተው መጥተው ቆሙ። ትንሹ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። «የእማማ ቀጋ የት ሄደ?» አለን። እናታችን ያረፈችው ይህ ልጅ ሳይወለድ ነው። ቀጋውን ግን በእሷ ያውቀዋል።

የሚመልስለት ጠፋ። ታላቃችን መጥረቢያውን አስቀምጦ ዞር አለ። ማታ እራት ላይ አንዳችን «ቆርቆሮው እንደሆነ ተገዝቷል» ብንልም የተቀበለን አልነበረም። ጎህ ሲቀድ እኅታችን ከክምሩ ውስጥ ገና ያልደረቁትን ቅርንጫፎች መርጣ ትቆርጥ ነበር። ዐሥራ አንዱን ከቆርቆሮው ውጭ፣ በመንገዱ በኩል ተከልናቸው።

እስካሁን አራቱ ቅጠል አውጥተዋል። ከብት እንዳይበላቸው ያጠርናቸው በዚያው በቆረጥነው እሾህ ነው። ውኃ የሚያጠጣቸውም ያ ትንሹ እረኛ ነው፤ ማንም አላዘዘውም።