ኩሬው መውጫ አለው ወይ?

ስለ ጓሮ ኩሬ ሲወራ ስሰማ ትዝ የሚለኝ ውሃው ሳይሆን የጎረቤታችን ድንች ነው።

ከ1995ቱ ድርቅ ወዲህ "ውሃ ማቆር" የአገር ዘመቻ ሆኖ ነበር። ጉና ግርጌ ያለው ግቢያችንም አልቀረለትም። የእኛ ኩሬ አፉ 8 በ8፣ ወለሉ 4 በ4፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር፤ ሲሞላ 112 ሜትር ኩብ ይይዛል። አባቴና ወንድሞቼ በዶማና በአካፋ ቆፈሩት፣ ፕላስቲክ ተነጠፈበት፣ ሊቆጥሩ የመጡ ሰዎች ቆጥረው ሄዱ። "ትርፉ ውሃ በየት ይወጣል?" ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ጉናን የሚያውቅ ክረምቱን ያውቃል። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ ርብና ጉማራ ከእሱ ተነስተው በፎገራ አድርገው ጣና ይገባሉ፣ በክፉ ዓመት ፎገራን ያጥለቀልቃሉ። እዚያ በክረምት ችግሩ ውሃ ማጣት ሳይሆን ውሃውን መግታት ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 30 ሚሊ ሜትር የጣለ ዕለት የ100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ብቻውን 3,000 ሊትር ያወርዳል። የእኛ ኩሬ ደግሞ የሚሞላው ከጣራ ሳይሆን ከመንገድ ቦይ፣ ከነጭቃው ነበር።

ቡሄ ሊደርስ ሰሞን አንድ ሌሊት ሞልቶ ገነፈለ። ውሃ ዝቅ ያለውን ጠርዝ ይመርጣል፤ የእኛ ዝቅ ያለው በጎረቤታችን በኩል ነበር። ጠዋት ስንነሳ ጠርዙ ተንዷል፣ ድንቹ ከነመደቡ ታጥቦ ሄዷል። ሰውዬው አልጮኸም። "ውሃህን ያዝልኝ" አለው አባቴን፣ በቃ። ሁለት ክረምት ቡና አልተጠራራንም፤ በሽማግሌ ነው የታረቁት።

አባቴ ያስተካከለው በራሱ ነው። ከኩሬው በፊት ትንሽ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ውሃው እዚያ ጋብ ብሎ ደለሉን ጥሎ ያልፋል። መግቢያው ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አቆመ፤ ሲበቃው ይዘጋበታል። ከጠርዙ አንድ ክንድ ዝቅ አድርጎ በድንጋይ የተነጠፈ መውጫ ሠራና ወደ ሣሩ መራው። ከፍታውን የሚያይበት ምልክት ያለው እንጨትም አቆመ። ከዚያች ትንሽ ጉድጓድ ስንት ጊዜ ጭቃ እንዳወጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው!

በጋ ላይ ሳንቀዳው እንኳ ውሃው ከምልክቱ ይወርድ ነበር። በቀን 4 ሚሊ ሜትር ቢተን ከ64 ካሬ ሜትር ላይ ከ250 ሊትር በላይ ይሄዳል፤ 12 ጀሪካን ማለት ነው። ፕላስቲኩ ከተቀደደማ ተዉት። እናቴን የሚያስጨንቃት ደግሞ ውሃው ሲጎድል ነበር፤ የሚያዳልጥ ፕላስቲክ ላይ የወደቀ ልጅ የሚይዘው ነገር የለውም። ቋጠሮ ቋጠሮ ያለው ገመድ ከጠርዙ አሰረች። ይህን ያዘዛት ባለሙያ የለም።

በ2015 የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ወተቱም፣ እንቁላሉም፣ ማሩም፣ ዓሣውም ከጓሮ ይምጣ ተብሏል፤ ኩሬም አብሮ ይነሳል። እኔ ኩሬ አልቃወምም፤ በጥር ጎመናችንን ያጠጣልን ያው ኩሬ ነው። ግን ቆጣሪው በግንቦት፣ ጉድጓዱ ደረቅ ሳለ አይምጣ። በነሐሴ፣ ሌሊቱን ዘንቦ ባደረ ማግስት ይምጣ። መጀመሪያም ከባለ ኩሬው ቤት ሳይሆን ከታች ካለው ጎረቤት ቤት ይግባና ይጠይቅ።