የዩ ስትሪት ግድግዳዎች እነማንን ያነሳሉ?

የዋሽንግተን ዲሲ አበሻ ዩ ስትሪትን የሚያውቀው በአብዛኛው በምግቡ ነው። ክትፎ ሲያምረው መኪናውን አስነስቶ ይመጣል፤ ፓርኪንግ ፍለጋ ይዞራል፤ በልቶና ቡናውን ጠጥቶ ይመለሳል። በዚህ መካከል ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉትን የግድግዳ ሥዕሎች ቀና ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው። እነሱን ለማየት መኪናውን ትቶ በሜትሮ መምጣት ይሻላል።

ከሜትሮው በ13ኛው መንገድ በኩል ሲወጡ ፊት ለፊት የሚታየው ቤንስ ቺሊ ቦውል ነው። ከትሪኒዳድ የመጣው ቤን አሊ ከባለቤቱ ከቨርጂኒያ ጋር በ1958 (እ.ኤ.አ.) የከፈተው ምግብ ቤት ነው። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገድሎ ሰፈሩ በእሳት ሲጋይ እንኳ አልተዘጋም። በጎኑ ባለው ግድግዳ ላይ ባራክና ሚሼል ኦባማ፣ መሐመድ አሊ፣ ፕሪንስ፣ ሃሪየት ተብማን እና ኮሜዲያኑ ዴቭ ሻፔል ጎን ለጎን ቆመዋል። ዋናው ሠዓሊ አኒካን ኡዶፊያ ይባላል፤ ዲሲ ተወልዶ ናይጄሪያ ያደገ ሰው ነው።

በዚሁ ግድግዳ ላይ በ2012 የተሳለው ሥዕል ከኦባማ ጋር ኮሜዲያኑን ቢል ኮዝቢንም ይዞ ነበር። ብዙ ሴቶች ኮዝቢን በወሲብ ጥቃት ከወነጀሉት በኋላ ምስሉ ሲያከራክር ከርሞ፣ በ2017 መጀመሪያ ግድግዳው በሙሉ ተቀባ። አዲሱ ሥዕል በዚያው ዓመት ሲጠናቀቅ ኮዝቢ አልተመለሰበትም። የነሐስ ሐውልትን ለማንሳት ስንት ጉባኤ ይጠይቃል፤ ለግድግዳ ግን አንድ ባልዲ ቀለም ይበቃዋል። ስለዚህም የሰፈሩ ሰው ዛሬ ማንን እንደሚያከብር ለማወቅ ከሐውልት ይልቅ ግድግዳ ማየት ይቀላል።

ወደ ምሥራቅ ጥቂት ሲራመዱ፣ 12ኛው መንገድ ጥግ ላይ፣ ትሩ ሪፎርመር የተባለው ሕንፃ ይገኛል። በ1903 የተመረቀ፣ ንድፉን ጥቁሩ አርክቴክት ጆን ላንክፎርድ ያወጣው ነው። በጎኑ ያለው ግዙፍ ፊት የጃዝ ሙዚቀኛው የዱክ ኤሊንግተን ነው። ጂ. ባይረን ፔክ በ1997 የሠራው ሥዕል አርጅቶ ወርዶ ነበር፤ በ2019 ታድሶ ተመለሰ። ኤሊንግተን በ1899 እዚሁ ከተማ ተወልዶ፣ ዩ ስትሪት የጥቁሮች ብሮድዌይ በሚባልበት ዘመን በዚሁ አካባቢ ሙዚቃ የጀመረ ሰው ነው። ለእኛም ባዳ አይደለም። በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር ሠርቷል፤ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም እጅ ሜዳይ ተቀብሏል።

እንዲህ ያሉ ሥዕሎች በከተማው የበዙት በሠዓሊዎች ፍላጎት ብቻ አይደለም። የዲሲ አስተዳደር በ2007 ሙራልስ ዲሲ የተባለ ፕሮግራም ጀምሯል። ሌሊት ሌሊት በድብቅ የሚሞነጫጨሩ ግድግዳዎችን በየጊዜው ከማጽዳት፣ በባለቤቶቻቸው ፈቃድ ለሠዓሊ መስጠት ይሻላል ከሚል ሐሳብ የመነጨ ነው።

9ኛው መንገድ ላይ ሲደርሱ ታፔላው አማርኛ ይሆናል። ከ1968ቱ ቃጠሎና ከሜትሮው ቁፋሮ በኋላ ሰፈሩ በተዳከመበት ዘመን፣ ባዶ የቆዩትን ቤቶች ተከራይተው መብራት ካበሩት መካከል ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ይገኙበታል። በ2005 አንዳንዶቹ ይህ የመንገዱ ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲሰየም ሲጠይቁ ግን ከነባር ጥቁር አሜሪካውያን ተቃውሞ ገጠማቸው። ከቤንስ ግድግዳ ተነስቶ በኤሊንግተን በኩል ለመጣ እግረኛ ተቃውሞው እንቆቅልሽ አይሆንበትም፤ ሰፈሩ ስም አጥቶ ስም የሚጠብቅ እንዳልነበረ በዓይኑ አይቷል። የነጋዴዎቹ ድካም እውነት ነው፤ የነባሮቹ ቅሬታም እውነት ነው። እኔን ከጠየቃችሁ፣ ስም ከመጠየቅ በፊት የባለቤቱን ታሪክ ማወቅ ይቀድማል፤ ይህን ደግሞ በበቂ ያደረግነው አይመስለኝም።

አቅም ያለው ጉዞውን እስከ 7ኛውና ኤስ ስትሪት ይቀጥል፤ እዚያም የዲሲው ልጅ ዘፋኙ ማርቪን ጌይ በኡዶፊያ ብሩሽ ተስሏል። ልጆች ያሏችሁ ደግሞ ይዛችኋቸው ውጡ። ክትፎው ከጉዞው በኋላም ይደርሳል።