ባቡሩ ያልተሻገረበት እሑድ

ስለ በርሊን ግንብ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሱት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ኬኔዲና ክሩሽቼቭ። እኔ ግን እዚህ ከተማ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ከሁለቱም በፊት ትዝ የሚለኝ ባቡሩ ነው። የከተማው ባቡር፤ ያው ጠዋት ጠዋት ተጋፍተን ሥራ የምንሄድበት። እስከ ኦገስት 1961 ድረስ ከምሥራቅ በርሊን ተነስቶ፣ ጥቂት ጣቢያ ተጉዞ፣ ምዕራብ በርሊን ይገባ ነበር። ትኬቱ የሳንቲም ጉዳይ ነው። ከኮሚኒስቱ ዓለም ወደ ካፒታሊስቱ ዓለም ለመሻገር በረሃ ማቋረጥ የለ፣ ለደላላ መክፈል የለ። ተሳፍሮ፣ ደርሶ፣ መውረድ። በቃ።

ለማያስታውስ ሰው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጀርመን በ1945 ስትሸነፍ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ሶቪየት ኅብረት አገሩን ለአራት ተካፈሉት። ዋና ከተማው በሶቪየት ድርሻ መሀል ቢሆንም እሱም ለብቻው ለአራት ተከፈለ። የሦስቱ ድርሻ ምዕራብ በርሊን፣ የሶቪየቱ ምሥራቅ በርሊን ሆነ። ምዕራብ በርሊን ማለት እንግዲህ ዙሪያዋን በምሥራቅ ጀርመን የተከበበች ደሴት ናት። በ1948 ስታሊን መንገዱንና ሐዲዱን ዘግቶ ሊያስርባት ሞከረ፤ ምዕራባውያኑ ዱቄትና የድንጋይ ከሰል ሳይቀር በአውሮፕላን እያመላለሱ አንድ ዓመት ገደማ አቆዩአት። በ1952 በሁለቱ ጀርመኖች መካከል ያለው ረጅም ድንበር ሲዘጋ አንድ ቀዳዳ ብቻ ቀረ። ቀዳዳው በርሊን ነበር።

በዚያ ቀዳዳ ሰው ፈሰሰ። ከ1949 እስከ 1961 ምሥራቅ ጀርመንን ጥሎ የወጣው ሰው 2.7 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። የአገሩ ጠቅላላ ሕዝብ እኮ 17 ሚሊዮን ገደማ ነው! ከወጡት ግማሽ ያህሉ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ25 በታች ነበር። ማለትም እናንተ ናችሁ፤ ይህን በስልካችሁ የምታነቡት። ሐኪሙ ሰኞ ሥራ ሳይገባ ይቀራል፣ አስተማሪዋ መስከረም ላይ ክፍሏ አትገኝም፣ ፋብሪካው ባለሙያውን ያጣል። ያለፈቃድ አገር መልቀቅ ወንጀል ስለነበር ባቡሩ ላይ ፖሊስ ይፈትሻል፤ ትልቅ ሻንጣ የያዘ ሰው ይጠረጠራል። ስለዚህ ሰው አገሩን የሚለቀው ጎረቤት ቡና እንደተጠራ ሰው ሆኖ ነው። በትንሽ ቦርሳ። ፎቶውን ግድግዳው ላይ፣ ልብሱን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ትቶ።

እኔ ስመጣ ሁለት ሻንጣ ነበረኝ፤ 23፣ 23 ኪሎ፣ ግማሹ በርበሬና ሽሮ። እናቴ ሚዛኑ እንዳያልፍ ሦስቴ አውጥታ መልሳ ከታዋለች። መመለስ እንደምችል እያወቅኩ ነው የወጣሁት። እነዚያ ግን ለመሰናበት እንኳ አይችሉም፤ ተሰናብቶ መሄድ ማለት የተሰናበቱትን ሰው አውቆ ዝም ያለ ወንጀለኛ ማድረግ ነው። የበርሊንን ታሪክ ሳነብ ከታንኩም ከንግግሩም በላይ የሚከብደኝ ይሄ ነው።

ለታላላቆቹ መንግሥታት ግን ጉዳዩ ሌላ ነበር። ክሩሽቼቭ በኖቬምበር 1958 ተነስቶ ምዕራባውያን ጦራቸውን ከበርሊን እንዲያወጡ የስድስት ወር ቀነ ገደብ ሰጠ። ቀኑ አለፈ፣ ምንም አልሆነም። በጁን 1961 ቪየና ላይ ከአዲሱ ፕሬዚዳንት ከኬኔዲ ጋር ተገናኝቶ ያንኑ ዛቻ ደገመ። ኬኔዲም ጁላይ 25 ቀን በቴሌቪዥን ቀርቦ መለሰ፤ ጦራችን በምዕራብ በርሊን ይቆያል፣ መግቢያ መንገዳችን አይነካም፣ የምዕራብ በርሊን ነዋሪ ነፃነቱ ይጠበቃል። ጠንካራ ንግግር ነበር። ግን ልብ በሉ፣ ሁሉም ስለ ምዕራብ በርሊን ነው። የምሥራቁ ሰው ባቡር ተሳፍሮ የመሻገር መብቱ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ይህን ሞስኮም ምሥራቅ በርሊንም በደንብ ሰሙት።

የምሥራቅ ጀርመኑ መሪ ኡልብሪሽት ከዚያ በፊት፣ ጁን 15 ቀን፣ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ግንብ የመገንባት ሐሳብ ያለው ማንም የለም ብሎ ነበር። የሚያስቀው ነገር፣ ስለ ግንብ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ሕዝቡ ግን ሸተተው። በጁላይ ብቻ 30,000 ገደማ ሰው ወጣ። ኦገስት 12፣ ቅዳሜ ዕለት፣ በአንድ ቀን ከ2,000 በላይ ሰው ተመዘገበ። ያን ሌሊት ወታደሩና ፖሊሱ ሽቦ እየጎተተ ወጣ፤ ሥራውን ከላይ የመራው በኋላ የአገሪቱ መሪ የሆነው ሆኔከር ነው። እሑድ ጠዋት ከተማው ሲነቃ ባቡሩ አይሻገርም። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 7 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው፤ የታኅሣሡ ግርግር የተነሳበት ዓመት፣ የፍልሰታ ጾም መሀል። ፍልሰታና ፍልሰት ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። ምንም አያያይዛቸውም፣ አውቃለሁ፤ ግን ቀኑን ቆጥሬ ሳገኘው ትንሽ ደነገጥኩ።

በርናወር ሽትራሰ የሚባል መንገድ አለ፣ ከቤቴ በእግር ሃያ ደቂቃ። በዚህ መንገድ አንዱ ጎን ያሉት ፎቆች ምሥራቅ በርሊን ሲሆኑ ደጃፋቸው ላይ ያለው የእግረኛ መንገድ ምዕራብ በርሊን ነበር። እስቲ አስቡት፤ ሳሎንህ አንድ አገር፣ የበረንዳህ ሥር ሌላ አገር። መጀመሪያ የፊት በሮቹ ተቆለፉ። ሰው በአንደኛው ፎቅ መስኮት መውጣት ጀመረ። እሱ በጡብ ሲደፈን ወደላይኛው ፎቅ። የምዕራቡ የእሳት አደጋ ሠራተኞች እታች ሸራ ዘርግተው ይጠብቃሉ። ኦገስት 22 ቀን አንዲት ሴት፣ ነርስ፣ 59ኛ ልደቷ ሊከበር አንድ ቀን ሲቀረው፣ መጀመሪያ የአልጋ ልብሷንና ዕቃዋን በመስኮት ወረወረች። ከዚያ ራሷ ዘለለች። ሸራው አልደረሰላትም። ከግንቡ ጋር በተያያዘ ከሞቱት ቢያንስ 140 ሰዎች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። በሴፕቴምበር ደግሞ የ77 ዓመት አሮጊት በመስኮቱ ተንጠልጥላ፣ ከላይ ፖሊስ እጇን ይዞ ወደ ውስጥ ይጎትታል፣ ከታች ሰዎች እግሯን ይዘው ወደ ውጭ። የታቾቹ አሸነፉ። ፊልሙ አለ፤ እኔ አንዴ አይቼው ሁለተኛ አልደገምኩትም።

ታዲያ ኃያላኑ የት ነበሩ? ግንቡ በተጀመረበት እሑድ ኬኔዲ ማሳቹሴትስ፣ ውቅያኖስ ዳር ባለው የቤተሰቡ ቤት ዕረፍት ላይ ነበር። የምዕራብ በርሊኑ ከንቲባ ቪሊ ብራንት ተቆጥቶ ከጻፈለት በኋላ ምክትሉን ጆንሰንንና 1,500 ወታደር ላከ። ለቅርብ ሰዎቹ ግን ግንብ ከጦርነት ይሻላል ማለቱን አንድ ረዳቱ ኋላ ላይ ጽፏል። ማለትም ተንፍሶ ነበር። ክሩሽቼቭም ተንፍሷል፤ ሰው መፍሰሱ ቆመለት።

ታንኮቹ የመጡት በኦክቶበር ነው። ለምን እንደመጡ ሳውቅ ግን ደጋግሜ አነበብኩት። ኦክቶበር 22 ምሽት አንድ ከፍተኛ የአሜሪካ ዲፕሎማት ከባለቤቱ ጋር ምሥራቅ በርሊን ቲያትር ሊያይ ሲሻገር የምሥራቅ ጀርመን ዘበኛ መታወቂያ አሳየኝ አለው። አላሳይም አለ፤ በአራቱ መንግሥታት ስምምነት እኔን መጠየቅ የሚችለው ሶቪየት ብቻ ነው። ነገሩ እየከረረ ሄዶ ኦክቶበር 27 በፍሪድሪሽ ሽትራሰ፣ ቼክፖይንት ቻርሊ የሚባለው ኬላ ላይ፣ የአሜሪካና የሶቪየት ታንኮች አፈሙዛቸውን አነጣጥረው ተፋጠጡ። 16 ሰዓት ያህል። ዓለም ትንፋሹን ያዘ። በመጨረሻ ኬኔዲና ክሩሽቼቭ በምስጢር ተላልከው፣ መጀመሪያ አንድ የሶቪየት ታንክ ጥቂት ሜትር ወደኋላ አለ፣ ቀጥሎ አንድ የአሜሪካ፣ እንደዚያ እንደዚያ እያሉ ተበተኑ።

አንድ ሰው መታወቂያ ሳያሳይ ቲያትር የመግባት መብቱ ታንክ አስወጣ። ከመስኮት ለሚዘለው ሰው የወጣ ታንክ የለም። ይህን ስል ታንክ ይውጣ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ያኔ ቢተኮስ የሁላችንም አያቶች ላይኖሩ ይችሉ ነበር። ሒሳቡ ግን ማን ላይ እንደተጻፈ ማየት ይቻላል።

እላይኛው ፎቅ የሚኖሩ ጎረቤት አሉኝ። በጀርመንኛም አንቱ ነው የምንባባለው። በ1961 የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ቤታቸው ምዕራብ፣ አያታቸው ምሥራቅ። እሑድ እሑድ ምሳ አያት ቤት ነበር። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ቆመን ስናወራ፣ ግንቡ ጦርነት አስቀርቷል የሚል ማንበቤን ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው፣ «ጦርነት እንዳይነሳ ከሆነ፣ አያቴ ምን አጥፍታ ነበር?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሻይ ጠጪ ብለው ይዘውኝ ወጡ።

ስልክም አልነበረም። በሁለቱ በርሊኖች መካከል ያለው የስልክ መስመር በ1952 ተቆርጦ እስከ 1971 አልተቀጠለም። ይህን ሲነግሩኝ እናቴ ትዝ አለችኝ። በጁላይ 2018 የኢትዮጵያና የኤርትራ ስልክ ሲከፈት፣ ሃያ ዓመት ደብተር ውስጥ ያስቀመጠችውን የአስመራ ቁጥር መታች። ያነሳው የማታውቀው ሰው ነው። ጓደኛዋን አያውቅም። ግን ግማሽ ሰዓት አወሩ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ።

ጎረቤቴ አያታቸውን ያዩት ከ28 ወር በኋላ ነው፤ ለ1963 ገና። ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ምዕራብ በርሊኖች ምሥራቅ ያለ ዘመዳቸውን ለአንድ ቀን እንዲጠይቁ የይለፍ ወረቀት ተፈቀደ። ከ700,000 በላይ ሰው ተጠቀመበት። ወረቀቱን ለማግኘት እናታቸው ብርድ ላይ ቀኑን ሙሉ ተሰለፉ። እኩለ ሌሊት ሳይሞላ መመለስ ግዴታ ነው።

አያትየው ድንች በስጎ ሠርተው ጠበቋቸው። ከምሳ በኋላ ከቁም ሳጥኑ አንድ ካርቶን አወጡ። በ1961 ለልጅቷ ልደት የገዙት ቀይ ጫማ ነው፤ ልደቷ ሴፕቴምበር ላይ ነበርና አልደረሰም። ልጅቷ አሁን 11 ዓመቷ ነው። ተረከዟ እንኳ አልገባም። አያትየው ግን ተንበርክከው፣ በማንኪያ እጀታ እየገፉ፣ ለረጅም ጊዜ ሞከሩ። እናትየው «እማዬ፣ ተዪው» ሲሉ ነው የተዉት።

«ጫማው ምን ሆነ?» አልኳቸው።

«እታች ቤት አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረች» አሉ፤ «አያቴ ለእሷ ሰጠቻት። ልኳ ነበር።»