ውሃ የሚፈራ ውሻ

ሰው ፈሪ ሲባል ራሱ ይቆጣል። ውሻ ፈሪ ሲባል ግን የሚቆጣለት ያስፈልገዋል። የጎተራው ነብሮ እንዲህ ያለ ጠበቃ ስላልነበረው ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኛ ላይ ወደቀ። "እኛ" ስንል የዶርሙን ጫጫታ ሸሽተን ጎተራ አካባቢ አንዲት ሰርቪስ ቤት በጋራ የተከራየን ሦስት ተማሪዎች ማለታችን ነው፤ ሁለታችን ሥነ ጽሑፍ፣ አንዳችን ታሪክ። ከእንስሳት ሕክምና ጋር ዝምድና የለንም።

ጎተራ ስሙን ያገኘው ከእህል ጎተራዎቹ ነው። ዛሬ መንገደኛው የሚያውቀው ግን እርስ በርሱ በተደራረበው መንገዱ ነው። ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ያለውን ሰፈር የሚያውቀው ነዋሪው ብቻ ነው። ከግቢያችን ጀርባ አንድ ፈፋ ይወርዳል። በበጋ ሽታ እንጂ ውሃ የለውም፤ በክረምት ግን ከላይ ያሉት ሰፈሮች ሲዘንብባቸው፣ እኛ ዘንድ ጠብ ሳይል፣ እያገሳ ይመጣል። ነብሮም የተገኘው በአንድ የነሐሴ ማታ ከዚያው ፈፋ ነው፤ ከአጥሩ ሥር፣ ከፌስታልና ከቅርንጫፍ ጋር ተጠቅልሎ። አከራያችን እትዬ በነጠላቸው አቅፈው አስገቡት። ወደፊት እንዲደፍር በማሰብም ነብሮ አሉት።

ስሙ አልሠራም። ቆርቆሮው ላይ ጠብ ሲል ነብሮ አልጋ ሥር ነው። እትዬ ሳፋ አውጥተው ልብስ ሊያጥቡ ሲቀመጡ በሩቁ ዞሮ ነው የሚያልፈው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ይህን ያህል ብቻ ቢሆን ማንም ባልተጨነቀ። ነገሩ የተበላሸው ጎረቤት ሲያየው ነው። "ውሃ የሚፈራ ውሻ ያበደ ነው፤ ልጆቼን ሳይነክስብኝ ይወገድ" አሉ፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ጋሼ። በከተማችን "ይወገድ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን፤ መርዝ የተቀባ ሥጋ ማለት ነው።

በጋሼ አንፈርድም። የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 አንድ የተነከሰ ልጅ በክትባት ካዳነ ወዲህ ግን፣ ቶሎ ለደረሰ ሰው መድኃኒቱ አለ። የእኛው የአዲስ አበባው "ፓስተር" ሰፈርም ስሙን የወረሰው በዚሁ ሰው ስም ከተቋቋመው ተቋም ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ሐኪም መሮጥ አለበት።

ጋሼ የተሳሳቱት በአንድ ነገር ነው። ውሃ መፍራት በዋናነት የሚታየው በበሽታው በተያዘው ሰው ላይ ነው፤ ሊጠጣ ሲል ጉሮሮው ይኮማተርበታል። ያበደ ውሻ ግን ውሃ ላይፈራ ይችላል። የእሱ ምልክት የጠባይ መለወጥ፣ ያገኘውን መንከስ፣ ለሃጭ ማዝረብረብ፣ የድምፅ መጎርነን፣ የመንጋጋ መላላት ነው። ነብሮን ወስደን አስከተብነው፤ ወረቀቱንም ለጋሼ አሳየናቸው። "ወረቀት ምን ያደርግልኛል? ውሃ ይግባና ልየው!" አሉ። እስከዚያው በሰንሰለት እንዲታሰር ተወሰነ። እሺ አልን። በልባችን ግን ሌላ ጭንቀት ገባ። ክረምት ይመጣል፤ ፈፋውም ይመጣል።

ታዲያ ውሃ እንዴት ይግባ? የባሕር ዳሩ ጓደኛችን ጣና ዳር ያደገ ነው። ታላላቆቹ ከጀልባ ላይ ወርውረውት ነው ዋና የለመደው። "ወርውሩት፤ ውሻ ሲፈጠር ዋናተኛ ነው" አለ። እውነትነት አለው፤ አብዛኛው ውሻ ውሃ ሲነካው እግሩን መቅዘፍ ይጀምራል። የፈራ ውሻ ግን በፊት እግሮቹ ብቻ ውሃውን ይደበድባል፤ ኋላው ይሰምጣል፣ እንደ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ቶሎም ይደክማል። ከዚያ በላይ ደግሞ ነብሮ አንዴ ተወርውሮ ያውቃል፤ የወረወረው ፈፋው ነው። ሁለተኛ ወርዋሪ እኛ እንድንሆን አልፈለግንም።

ትምህርቱ የተጀመረው ጎተራ ግቢ ውስጥ፣ በባዶ የፕላስቲክ ሳፋ ነው። ከሥጋ ቤት የገዛነውን ሳንባ ቆራርጠን ሳፋው ውስጥ አስቀመጥን። ሦስት ቀን ከዳር ቆሞ አየ፤ በአራተኛው አንድ እግር አስገባ። ኋላ አንድ ጣሳ ውሃ ጨመርን፤ ከዚያ ሁለት። ሲያዛጋ እንቅልፉ የመጣ ይመስለን ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ማዛጋቱ፣ ከንፈሩን መላሱ፣ ጆሮውን ማስተኛቱ "በቃኝ" የሚልበት ቋንቋው መሆኑን ተማርን። "በቃኝ" ሲል እናቆማለን። ቧንቧው በወረፋ በሚመጣበት ሰፈር ለውሻ ትምህርት ውሃ ማባከን ያስወቅሳልና፣ እትዬ የበርሜሉን የዝናብ ውሃ ፈቀዱልን።

ለእውነተኛው ዋና ግን ጎተራ የሚሆን ውሃ የለውም። የከተማው ወንዞች የቆሻሻ መውረጃ ሆነዋል፤ ገንዳ ያለው ሁሉ ውሻ አያስገባም። ቢሾፍቱ ቅርብ ናት፤ ሐይቆቿ ግን በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ስለሆኑ ከዳር ትንሽ እልፍ ሲሉ ገደል ናቸው። ለጀማሪ የሚበጀው ቀስ እያለ የሚጠልቅ ዳር ነው። ስለዚህ በሴሚስተሩ ዕረፍት፣ ሽንኩርት ሊጭን ወደ ባቱ በሚወርድ የዘመድ ፒክአፕ ለመንን፤ ሰውየውም ደግ ነውና ላንጋኖ ድረስ አደረሰን። ውሃው እንደ ሻይ በወተት ደፍርሷል፤ ዳሩ ግን ገር ነው።

ከመንገዳችን በፊት አንድ የመንገድ ዳር ልብስ ሰፊ ከሻንጣ ማንገቻ ደረትና ሆድ የሚይዝ፣ ጀርባው ላይ እጀታ ያለው መታጠቂያ ሰፍቶልን ነበር። አንገቱ ላይ ገመድ ማሰር ማነቅ ነው። ባዶ ጀሪካን እንሰርለት ያለም ነበር፤ ጀሪካኑ ተንሸራቶ ሆዱ ሥር ከገባ ይገለብጠዋል ብለን ተውነው። መጀመሪያ እኛ እስከ ጉልበታችን ገብተን ተቀመጥን፤ አልጠራነውም። ሲመሽ ራሱ መጣ። በማግስቱ ሆዱ እስኪነካ፣ በሦስተኛው ቀን እግሩ መሬት እስኪለቅ ሄድን። አንዳችን እጀታውን፣ አንዳችን ከሆዱ ሥር ይዘን ኋላውን ከፍ ስናደርግለት መደብደቡን ትቶ ቀዘፈ። ፊቱን ሁልጊዜ ወደ ዳር ነበር የምናዞረው፤ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት መግባቱን ሳይሆን መውጫውን ነውና። ከአምስት ደቂቃ በላይ አላቆየነውም። የሐይቁን ውሃ እንዳይጠጣ የቧንቧ ውሃ በጀሪካን ይዘናል፤ ከወጣ በኋላ ጆሮውን በጨርቅ አደረቅንለት። በአራተኛው ቀን እጃችንን ስንለቅ አንድ ስድስት ክንድ ያህል ብቻውን ዋኘ፤ ወጣና ጠጉሩን አራግፎ አበሰበሰን። የባሕር ዳሩ ልጅ ዞር ብሎ ዓይኑን ሲያብስ አየነው፤ ውሃ ረጭቶብኝ ነው አለ።

ጎተራ ስንመለስ ለጋሼ ነገርናቸው። የሚያምኑበትን መንገድ አግኝተናልና ዝም ብንል ይቀለን ነበር። ዋሽቶ ማስታረቅ ግን አልሆነልንም፤ "ጋሼ፣ መዋኘቱ ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃው ክትባቱ ነው፤ እሱም በጊዜው ይታደሳል" አልናቸው። ሳቁ። "ታዲያ ይህን ሁሉ ምን አደከማችሁ?" አሉ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ለጎርፍ ነው እንዳንል፣ ጎርፍን ዋና አያሸንፈውም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ድሬዳዋ ላይ ሲመጣ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፤ ከነዚያ ውስጥ ዋና የሚችል አልነበረም ማለት አይቻልም። ከጎርፍ የሚያድነው ቀድሞ ከፍ ወዳለ ቦታ መሸሽ ነው። ለመሸሽ ደግሞ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ በፍርሃት አለመደንዘዝና አለመታሰር። የመጀመሪያውን ላንጋኖ ላይ የቻልነውን ያህል ሠራን። ሁለተኛው በጋሼ እጅ ነበር። "ዝናብ ባለ ሌሊት ሰንሰለቱ ይፈታ፤ የግቢው በር ተዘግቶ ይደር" ብለን ለመንናቸው። ጥቂት አሰቡና፣ "በሩን እኔ ራሴ እዘጋዋለሁ" አሉ።

ዘንድሮ ክረምት በየግቢያችሁ የታሰረ ውሻ ካለ፣ እናንተም ጓደኞቻችን፣ ዋናውን ለማስተማር ጊዜ ባይኖራችሁ ሰንሰለቱን ለመፍታት አንድ ደቂቃ ይበቃል።