«ለአባዬ ስንት ይደርሰው ይሆን?»

ሰው ሲታመም ድሮ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነበር፡፡ «ምን አገኘህ?» እና «ሐኪሙ ምን አለህ?»፡፡ አሁን ሦስተኛ ተጨምሯል፡፡ «ስንት ይከፍሉሃል?» የሚል! አትሳቁ ወገኖቼ፡፡ የቸገረው ሰው ነው እንዲህ ብሎ የሚጠይቀው፡፡

ጥያቄው ለእኔ የመጣው እዚሁ አያት ነው፡፡ የጎረቤቴ ልጅ ናት፣ እኩያዬ፡፡ አባቷ የቪላ ቤት አትክልተኛ ናቸው፡፡ ከባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ አለፍ ብለው ካሉት ግቢዎች አምስቱን በየተራ እየዞሩ ሣር ያጭዳሉ፣ አጥር ይከረክማሉ፡፡ በኮብልስቶኑ መሀል የሚበቅለውን አረም ደግሞ መርጫ በጀርባቸው አዝለው ይረጫሉ፡፡ ዘጠኝ ዓመት ረጭተዋል፡፡ ጓንት የለ፣ የአፍ መሸፈኛ የለ፡፡ ነፋስ ሲመልስባቸው ፊታቸውን በኮታቸው እጅጌ ይጠርጋሉ፣ አለቀ፡፡

አምና አንገታቸው ሥር ንፍፊት ወጣ፡፡ ብርድ ነው ተባለ፣ ጥርስ ነው ተባለ፡፡ በኋላ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ሐኪሞቹ ሊምፎማ የሚሉት የንፍፊት ካንሰር ሆኖ ተገኘ፡፡

«አንቺ ጋዜጣ ላይ ትጽፊ የለ?» አለችኝ ልጅቷ፡፡ «አሜሪካ አንድ ሰውዬ በዚሁ መድኃኒት ታሞ 289 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደለት አሉ፡፡ ለአባዬ ስንት ይደርሰው ይሆን?»

እስቲ ልብ በሉ፤ «መድኃኒት» ነው ያለችው! እኛ አገር አረም የሚያደርቀውም መርዝ፣ ተባይ የሚፈጀውም መርዝ «መድኃኒት» ነው ስሙ፡፡ ስሙ መድኃኒት ከሆነ ማን ይጠነቀቅለታል?

እኔ የ12ኛ ክፍል ምሩቅ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም፡፡ ግን ማንበብ እችላለሁና አነበብኩ፤ የማያውቁትንም የሚያውቁ ሰዎች ጋ ሄጄ ጠየቅሁ፡፡ ያገኘሁትን ለእሷ እንደነገርኳት ለእናንተም ላካፍላችሁ፡፡

የአሜሪካኑ ሰውዬ ነገር

ወሬው እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው የደረሰን፡፡ ሰውዬው ድዌይን ጆንሰን ይባላል፡፡ ካሊፎርኒያ ውስጥ የትምህርት ቤቶች ግቢ ጠባቂ ሆኖ ራውንድአፕና መሰል የአረም ማጥፊያ ሲረጭ ኖሮ ሊምፎማ ያዘው፡፡ አምራቹን ሞንሳንቶን ከሰሰ፡፡ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነሐሴ 2018 ዳኞቹ 289 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱለት፡፡ ዜናው በዓለም ተሰማ፡፡

ከዚያ በኋላ ያለውን ማን ነገረን? ያው ፍ/ቤት ገንዘቡን ወደ 78 ሚሊዮን አወረደው፡፡ በ2020 ይግባኝ ሰሚው ደግሞ ወደ 20.5 ሚሊዮን ቀነሰው፡፡ ከምክንያቶቹ አንዱ ምን መሰላችሁ? ሰውዬው ብዙ የመኖር ተስፋ ስለሌለው፣ ወደፊት ለሚደርስበት ሥቃይ የሚታሰበው ካሣም በቀረችው ዕድሜ ልክ መሆን አለበት ተባለ፡፡ ሕመሙ በከፋ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል፤ ዕድሜው ባጠረ ቁጥር ካሣው ያንሳል! እኔ ይህን ሳነብ ጋዜጣ ላይ የምጽፈው ሁሉ ጠፋብኝ፡፡

ሌሎቹስ ከሳሾች? ሞንሳንቶን የገዛው የጀርመኑ ባየር በዚያው በ2020 እስከ 10.9 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ የስምምነት ገንዘብ መመደቡን አስታወቀ፡፡ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሰዎች 125 ሺ ያህል ነበሩ፡፡ ካልኩሌተር አውጡና አካፍሉት፤ ለአንድ ሰው 90 ሺ ዶላር እንኳን አይሞላም፡፡ የጠበቃ ድርሻ ገና ሳይነሳ ማለት ነው፡፡ በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ አሉ!

ደግሞ ሳይንሱም ገና ይጨቃጨቃል፡፡ የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 ግላይፎሴትን፣ ማለትም የራውንድአፕን ዋና ንጥረ ነገር፣ «ካንሰር ሊያመጣ የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው» ከሚባሉት ተራ መደበው፡፡ ገበሬው «ቱፎርዲ» የሚለውን ደግሞ በዚያው ዓመት ከዚያ ዝቅ ባለው ተራ፣ «ምናልባት» በሚባለው ውስጥ አስገባው፡፡ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መ/ቤት ግን ግላይፎሴት ካንሰር የማምጣት ዕድል የለውም ባይ ነበር፡፡ ባየርም ምርቴ ደህና ነው ብሎ ይከራከራል፡፡ ስለዚህ «ረጨሁ፣ ታመምኩ» ማለት ብቻውን አያስክስም፡፡ የትኛውን መርዝ? ለስንት ዓመት? በሳምንት ስንቴ? ይህን የሚያስረዳ ይፈለጋል፡፡

ወደ እኛው ሕግ እንምጣ

መጀመሪያ የሚጠየቀው «ቀጣሪህ ማነው?» የሚል ነው፡፡ ቀጣሪው ድርጅት ከሆነ፣ የአበባ እርሻም በሉት የሪል ስቴት ኩባንያ፣ ነገሩ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይታያል፡፡ ሕመሙ ከሥራው የመጣ መሆኑ ከተረጋገጠ አሠሪው «ጥፋት የለብኝም» ብሎ አያመልጥም፡፡

ለምሳሌ የወር ደመወዙ 4 ሺ ብር የሆነ ሠራተኛ እንውሰድ፡፡ ሕክምናው በአሠሪው ወጪ ነው፡፡ ከሥራ ውጪ ሆኖ ሲታከም የመጀመሪያውን ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩን ሦስት ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የተከታዩን ስድስት ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል፡፡ ሲደመር 33 ሺ ብር፡፡ ጨርሶ መሥራት የማይችል ከሆነ ደግሞ የአምስት ዓመት ደመወዝ ነው፤ 240 ሺ ብር፡፡ ጉዳቱ 40 በመቶ ነው ከተባለ የዚያው 40 በመቶ፣ 96 ሺ ብር፡፡ በጡረታ ዐቅድ የታቀፈ ሠራተኛ ደግሞ የጡረታ ሕጉንም ማየት አለበት፡፡

የጎረቤቴ አባት ግን ድርጅት አልቀጠራቸውም፡፡ በሰው መኖሪያ ቤት፣ ትርፍ በሌለበት የግል አገልግሎት የሚሠራን ሰው አዋጁ ከጥላው ሥር አውጥቶታል፡፡ ዘበኛውን፣ የቤት ሠራተኛዋን፣ አትክልተኛውን ማለት ነው፡፡ ለእነሱ የቀረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፡፡

ይህ ሕግ አርጅቷል ብላችሁ አትናቁት፡፡ ቁጥር 2069 መርዝነት ያለውን ነገር በመጠቀም ወይም በማከማቸት ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው ኃላፊ ነው ይላል፡፡ ቁጥር 2085 ደግሞ ዕቃ አምርቶ ለሕዝብ የሚሸጥ፣ ዕቃው በደንቡ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ይጠየቃል ይላል፡፡ በእነዚህ መከራከር ይቻላል፤ መርታት ግን የማስረጃ ጉዳይ ነው፡፡

ካሣው እንዴት ይሰላል? ቁጥር 2091 ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል፡፡ ቁጥር 2092 ወደፊት መድረሱ የማይቀረውንም ጉዳት ይጨምራል፡፡ ልኩ በትክክል ካልታወቀ በቁጥር 2102 ዳኛው በርትዕ ይወስናል፡፡

እኔና ልጅቷ እርሳስ ይዘን ተቀመጥን፡፡ የምርመራው፣ የመርፌው፣ የመድኃኒቱና የትራንስፖርቱ ደረሰኝ ተደምሮ 186 ሺ 400 ብር መጣ፡፡ ከአምስቱ ግቢ በወር ያገኙት የነበረው 6 ሺ ብር ነው፤ አሥር ወር ከሥራ ውለዋል፣ 60 ሺ ብር፡፡ በድምሩ 246 ሺ 400፡፡ የመጪው ሕክምናና የመጪው ዓመታት ገቢ ለዳኛው ሚዛን የሚተው ሆኖ ማለት ነው፡፡

«የሥቃዩስ? ሌሊት ሙሉ የሚያቃስተውስ?» አለችኝ፡፡

ለሕሊና ጉዳት ሕጉ ጣሪያ አለው፡፡ በቁጥር 2116 መሠረት ከ1 ሺ ብር ሊበልጥ አይችልም፡፡ በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር፡፡ ዛሬ ሥጋ ቤት ገብታችሁ ሞክሩት! ልጅቷ ዝም አለች፡፡ እኔም ሌላ የምለው አልነበረኝም፡፡

ያን ሰሞን ከአምስቱ ባለቤቶች አንዱ 30 ሺ ብር ይዘው መጥተው ነበር፡፡ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ ፈርሙልኝ ብለው፡፡ ቤተሰቡ ሊፈርም ምንም አልቀረውም፤ የሚቀጥለው መርፌ ቀን ደርሷላ! ግን በሕጋችን እንዲህ ያለ የስምምነት ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ነው፤ በኋላ «አነሰኝ» ቢሉ ሰሚ የለም፡፡ የደረሰኙን ድምር ስላወቁ አልፈረሙም፡፡ ሂሳቡን በሽማግሌ በኩል ለአምስቱም ቤት ላኩ፡፡ ሦስቱ የሕክምናውን ወጪ ያለ ምንም ፊርማ ለመጋራት እሺ አሉ፡፡ አንዱ «እናስብበት» አሉ፡፡ ባለ 30 ሺው በራቸውን ዘጉ፡፡ ክስ ይመሥረት አይመሥረት ገና እየተመከረበት ነው፤ ሰውዬውም ሕክምናቸውን ቀጥለዋል፡፡

እናንተስ ምን አድርጉ?

በየቤታችሁ፣ በየዘመዶቻችሁ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ አይጠፋምና ይህን ያዙልኝ፡፡

የመርዙን ዕቃ ከነጽሑፉ አስቀምጡ፣ ቢያንስ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፡፡ እነዚያ ግን ከሱቅ የሚመጣላቸው በሃይላንድ ላስቲክ እየተቀዳ ስለነበር ስሙን ለማወቅ ሻጭ ፍለጋ አንድ ወር ፈጅቶባቸዋል፡፡

የት፣ መቼ፣ ለማን እንደተረጨ ደብተር ላይ ጻፉ፡፡ አብሮ የሠራ ሰው ካለ ስሙን ያዙ፡፡

ሐኪም ቤት ስትሄዱ «ሥራዬ መርዝ መርጨት ነው» በሉ፡፡ ካርዱ ላይ ይጻፍ፡፡ ነገ የሚመሰክርላችሁ እሱ ነው፡፡

አንዲት ደረሰኝ አትጣሉ፡፡ የታክሲም ብትሆን ወጪዋን መዝግቡ፡፡

ቀኑን አትርሱ፡፡ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ካለፈ በይርጋ ይታገዳል፡፡ ስለዚህ ጠበቃ ዘንድ ቶሎ ሂዱ፡፡

ሂሳባችሁን ሳታውቁ ደግሞ ምንም ወረቀት ላይ አትፈርሙ፡፡

ግቢያችሁን የምታስረጩ ወጣት ባለቤቶችም ትኖራላችሁ፡፡ ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛና ቦቲ ግዙላቸው፡፡ ከረጩ በኋላ የሚታጠቡበት ውሃና ሳሙና ስጧቸው፡፡ የሚሻለው ደግሞ በኮብልስቶን መሀል ላለ ሣር መኮትኮቻ ይበቃዋል፡፡

ቸር ያሰንብተን!